የሐዲያዋ ልጅ፣ ቱርክና የጎረቤት ሐቅ

 

በዚህ ሰሞን ስለ ቱርክ የማያወራ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ስለ ድሮኑ ያነሳል፤ ሌላው ሞቃዲሾ ስላለው የጦር ሰፈር፤ ሌላዋ ደግሞ ማታ ማታ በአማርኛ ድምፅ ስለምታየው ተከታታይ ድራማ። በ2024 መጨረሻ የኢትዮጵያና የሶማሊያ መሪዎች ኩርፊያቸውን ለመፍታት አንካራ ድረስ ሄደው በቱርኩ ፕሬዚዳንት ፊት ሲስማሙ ብዙዎቻችን በስልካችን ተከታትለናል። በአንዳንዶቻችን ፕሮፋይል ላይም ቀይዋ ባንዲራ ከነጨረቃዋ ትታያለች።

ታዲያ ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቱርክ ከኛ አገርና ከጎረቤቶቻችን ጋር ያላት ጉዳይ መቼ የተጀመረ ይመስላችኋል? መልሱን ፍለጋ ኢስታንቡል መሄድ አያስፈልግም። ሆሳዕና ሆናችሁ፣ ዱራሜ ሆናችሁ፣ ሺንሺቾ ወይም አንጋጫ ሆናችሁ የምታነቡት ሁሉ፣ ታሪኩ ከእናንተው ደጃፍ ይነሳል። የምትነሳውም ከአንዲት የሐዲያ ልጅ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ የእሷን ሕይወት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።

ልጅቷ የሐዲያው ገዢ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። የሙስሊም ቤት ልጅ። በዚያ ዘመን ሐዲያ ሲባል የዛሬውን ዞን ብቻ አታስቡ። ስፋቱ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ትልቅ አገር ነበር። ከእሷ ከመቶ ዓመት በፊት የኖረው የካይሮው ጸሐፊ አል-ዑመሪ በአካባቢያችን የነበሩትን ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ሲዘረዝር፣ ከሁሉም ኃያሉ ሐዲያ እንደሆነ መዝግቧል። ንጉሡ 40 ሺህ ፈረሰኛ፣ ከዚያም ቢያንስ እጥፍ የሚሆን እግረኛ እንደነበረው፣ ሕዝቡም በብረት ቁራጭ እንደ ገንዘብ ይገበያይ እንደነበር ጽፏል።

ነገር ግን ከአጼ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ሐዲያ ለደጋው የክርስቲያን መንግሥት ግብር ከፋይ ሆኖ ነበር። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የዘይላና የአዳል ሱልጣኖች አሉ። እምነት ወደ አዳል ይስባል፣ ግብሩና ሠራዊቱ ወደ ደጋው ይጎትታል። የሐዲያ ገራዶች ኑሮ በሁለት ገመድ መሀል ነበር። ልጅቷ የተወለደችው እዚህ መሀል ነው።

ከዚያም ለአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ተዳረች። እኚህ ንጉሥ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡ፣ በጠንካራነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። በቤተ መንግሥቱ የክርስትና ስም ተሰጣት፤ ታሪክም እሌኒ ብሎ ያውቃታል። የቀኝ በዓልቴሐት የሚባለውን ትልቅ የንግሥትነት ማዕረግ ያዘች። ከዚህ በኋላ እኛም እንደ አገራችን ወግ አንቱ እንበላቸው።

ይህ ጋብቻ የሁለት አገሮች ውል ነበር። ዛሬ መንግሥታት በፊርማና በኤምባሲ የሚያደርጉትን የዚያ ዘመን ገዢዎች በጋብቻ ያደርጉት ነበር። ሴት ልጅ ትሄዳለች፤ ሰላምም አብሯት ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። ሁልጊዜ ግን አይሳካም። የእሌኒ ወንድም ገራድ ማሒኮ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ። ዓይኑም ወደ አዳል ነበር። አጎታቸው ባሞ ደግሞ ከንጉሡ ጎን ቆመ። ንጉሡም ሹመቱን ከወንድምዬው ገፈው ለአጎትዬው ሰጡ። ማሒኮ ወደ አዳል ሊያመልጥ ሲሸሽ የዳሞት ወታደሮች ደርሰውበት ገደሉት።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ወንድም በአንድ በኩል፣ አጎት በሌላ በኩል፣ ባል ደግሞ ፈራጅ። አንድ ቤተሰብ በሁለት መንግሥታት ጠብ ለሁለት ሲቀደድ እሌኒ መሀል ላይ ነበሩ። በ1445 ደግሞ የአዳሉ ሱልጣን በድላይ ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተዋግቶ ወደቀ። ጦርነት ማለት ለእሳቸው የሩቅ ወሬ ሳይሆን የራሳቸው ሥጋ ነበር። በኋላ በሕይወታቸው የሠሩትን ሁሉ ስታነቡ ይህን አትርሱ።

ዘርዐ ያዕቆብ ሞተው ልጃቸው በእደ ማርያም ሲነግሡ የወለዷቸው እናት በሕይወት አልነበሩም። ንጉሡም እሌኒን በእናት ቦታ አከበሯቸው። በዚሁ ንግሥ መጀመሪያ የአዳሉ ሱልጣን የበድላይ ልጅ መሐመድ መልእክተኛ ልኮ ከደጋው ጋር ሰላም ወረደ። ልብ በሉ፤ አባቱ በደጋው ጦር የተገደለበት ሱልጣን ነው። ነጋዴው በነፃነት ቢመላለስ፣ ጨውና ጨርቁ ወደ ደጋ፣ ከደጋውም ሸቀጥ ወደ ዘይላ ቢወርድ ለሁለቱም እንደሚበጅ ገብቷቸው ነበር። የታሪክ ሰዎች እሌኒን የሚቆጥሯቸው ከሙስሊም ጎረቤት ጋር በሰላምና በንግድ መኖር ይሻላል ከሚለው የቤተ መንግሥቱ ወገን ነው። ከየት እንደመጡ ስታውቁ ይህ አይገርማችሁም።

ነገሥታት መጡ፣ ነገሥታት ሄዱ። በእደ ማርያም በ1478 ሞቱ። እስክንድር ነገሡ፤ በ1494 ሞቱ። ናዖድ ነገሡ፤ በ1508 በአዳል በኩል በተደረገ ውጊያ ሞቱ። የሐዲያዋ ልጅ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። አርጅተዋል፤ ግን የተከበሩ ናቸው፤ በጎጃም ሰፊ ርስት አላቸው፤ በተማሩበት በክርስትናው ትምህርትም የታወቁ ሊቅ ሆነዋል። ናዖድ ሲሞቱ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ልብነ ድንግል ገና 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። አገሩን በሞግዚትነት የያዙት እሌኒ ሆኑ።

አሁን ከደጋው ወርደን ባሕሩን እንይ፤ ቱርክ የምትገባው በዚህ ነውና።

በ1498 ፖርቱጋሎች አፍሪካን ዞረው ሕንድ ደረሱ። እስከዚያ ድረስ ቅመሙም ሐሩም በሙስሊም ነጋዴዎች መርከብ በቀይ ባሕር አድርጎ ወደ ካይሮ ይሄድ ነበር። ፖርቱጋሎች ይህን መንገድ በመድፍ ሊዘጉት ተነሱ። በ1502 ቫስኮ ዳ ጋማ ከመካ የሚመለሱ ሑጃጆችን የጫነች መርከብ ከነሰዎቿ አቃጠለ። ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ነበሩባት። ኢና ሊላህ። የካይሮዎቹ የማምሉክ ሱልጣኖች መርከብ ሠርተው ወደ ሕንድ ላኩ፤ በ1509 ዲዩ ላይ ተሸነፉ። የዑስማኒያው ሱልጣን ባየዚድ በእነዚያ ዓመታት ለካይሮ እንጨትና መድፍ ይልክ ነበር። የቱርክ እጅ ወደ ቀይ ባሕር የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ የሐጅን መንገድና ንግዱን ከፖርቱጋል ለመከላከል።

እሌኒ ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ ነበር፤ መጥቶ እንዳይመለስ የተደረገ ሰው ነው። ዓለም እንዴት እየተገለበጠ እንደሆነ ነግሯቸዋል። እሳቸውም አሰቡ። በምድር ኃይል አለን፤ በባሕር ግን አንዲት መርከብ የለንም። ባሕሩን የያዘ ነገ ወደቡን ይይዛል፤ ወደቡን የያዘም የደጋውን በር ይይዛል። በ1509 ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ጠርተው ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ አስያዙት። በደብዳቤው ኅብረት ጠየቁ፤ ሁለቱ ቤተ መንግሥታት ልጆቻቸውን እንዲያጋቡም ሐሳብ አቀረቡ። የጋብቻን ነገር ከየት እንደተማሩት ታውቃላችሁ።

ምስኪኑ ማቴዎስ! በ1512 ጎዋ ደረሰ። አንዳንዶች የቱርክ ሰላይ ነው ብለው ጠረጠሩት። ወደ ፖርቱጋል ሲጓዝም የመርከቡ አዛዦች አዋረዱት፤ በሰንሰለትም አሰሩት። ሊዝበን በ1514 ሲደርስ ግን ንጉሡ በክብር ተቀበለው። መልሱ ይዞ ሲመጣ 1520 ሆኖ ነበር። ምጽዋ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ መንገድ ላይ ሞተ። አንድ ደብዳቤ ሄዶ እስኪመለስ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ወሰደ ማለት ነው።

አንዳንዶቻችሁ አሁን እንዲህ እንደምትሉ አውቃለሁ፦ ከሙስሊም ቤት ወጥተው ክርስቲያን የሆኑ፣ የሑጃጅ መርከብ ካቃጠሉት ጋር የተወዳጁ ሴት ታሪክ በጁሙዓ ቀን ምን ይሠራልናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልሸሸውም። የልባቸው ሒሳብ ከአላህ ጋር ነው፤ እኔም እናንተም አንፈርድበትም። የጠሩት ኃይል ምን ዓይነት እንደነበርም ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ አላሳመርኩትም። ነገር ግን ታሪክ የሚነገረው የምንወዳቸውን ለማሞገስና የማንወዳቸውን ለመስደብ ብቻ ከሆነ ኢብራ አይኖረውም። ቁርኣን የሰበእን ንግሥት ታሪክ የነገረን ገና ፀሐይ ታመልክ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ አማካሪዎቿን ሰብስባ እንዴት እንዳሰበችም አሳይቶናል። እንግዲህ ከእሌኒም እንማር።

እሌኒ በሁለት እጅ ይሠሩ ነበር። በአንዱ እጅ ከቅርብ ጎረቤት ጋር ሰላምና ንግድ፤ በሌላው እጅ ከሩቅ ኃይል ጋር ወዳጅነት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ብለው። የሩቁ ወዳጅ የቅርቡን ጎረቤት ሊተካ እንዳይችል የሚያውቅ ሰው አካሄድ ነው። ችግሩ የመጣው ከእሳቸው በኋላ አንደኛው እጅ ሲቆረጥ ነው።

በ1517 አካባቢ የሆነውን ተመልከቱ። ወጣቱ ልብነ ድንግል የዘይላውን አሚር ማሕፉዝን በጦርነት ገደሉ። በዚያው ሰሞን ፖርቱጋሎች ዘይላን አቃጠሉ። በዚያው ዓመት የዑስማኒያው ሱልጣን ሰሊም ካይሮን ያዘ፤ መካና መዲናም በእሱ ጥበቃ ሥር ገቡ። ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ መጡ። ልብነ ድንግል በድሉ ልባቸው ሞላ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲደርሱ እንኳ ብዙም አልጓጉላቸውም፤ ለስድስት ዓመት ያህል አገር ውስጥ አቆይተው ነው የሸኟቸው። ጎረቤት ተሸንፏል፤ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ለምን?

እሌኒ በ1522 ገደማ ሞቱ። ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ አልቫሬስ ሐዘኑ ምን ያህል እንደነበር ጽፏል። ትልቁም ትንሹም እናትም አባትም እንደሞተበት ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ ቤተ መንግሥት የወጣው አንዲት አሮጊት ብቻ ሳትሆን በሁለቱም ወገን ዘመድ ያለው የመጨረሻው ትልቅ ሰው ጭምር ነበር።

ሰባት ዓመት አልሞላም። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የልብነ ድንግልን ጦር ሰበሩ። የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ የማሕፉዝ ልጅ ነበሩ። ያ የተገደለው አሚር፣ ያ ተቃጠለ የተባለው ዘይላ፣ ያልደረቀ ቁስል ነበር። የኢማሙ ጦር ወደ ሐዲያ ሲደርስም የሐዲያው ገዢ ከኢማሙ ጋር ሆነ፤ ልጁንም ዳረላቸው። ልብ አላችሁ? ገመዱ ወደ ሌላው ወገን ሲሳብ እንደገና አንዲት የሐዲያ ልጅ በጋብቻ ሄደች።

ከዚያ የሩቆቹ መጡ። በ1541 አራት መቶ ፖርቱጋሎች ምጽዋ ወረዱ። ኢማሙም የመን ዘቢድ ከነበረው የዑስማኒያ ፓሻ እርዳታ ጠየቁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃ ያዦች ከመድፍ ጋር መጡላቸው። በ1542 ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎች ተሸነፉ፤ አዛዣቸውም ተገደለ። ኢማሙ ጦርነቱ ያለቀ መስሏቸው 200 ያህሉን ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን ቱርኮች አሰናበቱ። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ራሳቸው ወደቁ። የደጋውና የቆላው ልጆች ደም ሲፈስ የሊዝበንና የኢስታንቡል መድፍ በኛ ተራራ ላይ ተፈተነ።

በዚህ መሀል አንድ የምወደው ነገር አለ። የልብነ ድንግል ልጅ ሚናስ ተማርኮ ዘቢድ ለነበረው የቱርክ ፓሻ ተልኮ ነበር። የኢማሙና የባቲ ድል ወንበራ ልጅ ደግሞ በደጋው እጅ ወደቀ። ሁለቱ እናቶች፣ የሚናስ እናት ሰብለ ወንጌልና ባቲ ድል ወንበራ፣ ልጅ በልጅ ተለዋውጠው ልጆቻቸውን አስመለሱ። ሚናስ በኋላ ነገሡ። ሱብሐነላህ! ያን ሁሉ ጦር ያላስታረቀውን የሁለት እናቶች ጭንቀት ለአንድ ጉዳይም ቢሆን አነጋገረው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሁለቱም ወገን ደቅቆ ነበር። ቱርክስ? ቱርክ የፈለገችው ደጋውን ሳይሆን የባሕሩን በር ነበር። ኦዝደሚር ፓሻ በ1557 ምጽዋንና ሕርጊጎን ያዘ፤ ሐበሽ የሚባል የዑስማኒያ ግዛት ተቋቋመ፤ ሱዋኪንም በውስጡ ነበር። ወደ ደጋ ለመውጣት ሞክረው ሲያቅታቸው ወደቡን ይዘው ተቀመጡ። ምጽዋ በዑስማኒያ ስም ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆየች። እሌኒ የፈሩት የባሕር በር ነገር ደረሰ፤ የደረሰው ግን ጎረቤት ከጎረቤት መነጋገር ካቆመ በኋላ ነው።

እንግዲህ ዛሬን በዚህ ዓይን እዩት። ቱርክ በ1926 አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲ ከፈተች፤ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የመጀመሪያው ነው። በ2011 ሶማሊያ በድርቅ በተመታች ጊዜ መሪዋ ሞቃዲሾ ድረስ መጡ። በ2017 እዚያው የጦር ማሠልጠኛ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ስለ ጥንታዊቷ ሱዋኪን ከሱዳን ጋር ተስማማች። ካርታውን ብትዘረጉት የድሮዎቹ የፓሻዎች መርከብ የተጓዘበት ባሕር ነው። ይህን የምለው ቱርክን እንድትጠሉ አይደለም። አስታራቂ ሆና ስትመጣ ደስ ይበለን፤ ለተራበ ስትደርስ እናመስግን። ነገር ግን ማንኛውም የሩቅ አገር፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ የሚመጣው የራሱን ጉዳይ ይዞ ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ መርከቡን ይዞ ይሄዳል። የሚቀረው ጎረቤታችሁ ነው።

ሆሳዕና ላይ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱ አለ። አጎትህ ሌላ ቦታ ይሰግዳል ወይም ይዘምራል፤ እንሰቱ ግን የጋራ ጓሮ ላይ ነው፤ ለቅሶ ሲደርስም አብራችሁ ነው የምትቀመጡት። ጎረቤት በዲናችን ምን ያህል ሐቅ እንዳለው ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል፤ ሐቁም ለሙስሊም ጎረቤት ብቻ የተባለ አይደለም። በስልክ ላይ ከሩቅ አገር ባንዲራ ሥር ሆነን የቅርቡን ጎረቤት ስንሰድብ፣ ያ ጎረቤትም የሌላ አገር ባንዲራ ለጥፎ ሲመልስልን፣ የ1529ን መንገድ በትንሹ እየደገምነው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የተኮረፋችሁት ጎረቤት ወይም ዘመድ ካለ በሩን አንኳኩ። እምነቱን አትጠይቁ፤ ደህንነቱን ጠይቁ። ቡና ካለ ጠጡ። በሁለት ቤት መሀል የቆመች አንዲት የሐዲያ ልጅ ከስልሳ ዓመት በላይ በነገሥታት ቤት ያወቀችውን እኛ በአንድ ከሰዓት ልንሠራው እንችላለን።

አላህ ጎረቤቶቻችንን ከክፋታችን፣ እኛንም ከክፋታቸው ይጠብቅ። አገራችንንና ጎረቤት አገሮችን ሰላም ያድርግልን። ያ ረብ፣ የተጣላውን አስታርቅ፤ ለእናቶችም የልጆቻቸውን መመለስ አሳያቸው። ኣሚን።

መልካም ጁሙዓ ይሁንላችሁ።